መጀመሪያ የላይኛው ታፖ

ሰው ከምራቱ ጋር የሚገናኘው ቤት ውስጥ፣ ገበታ ዙሪያ ነው እንጂ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አይደለም። በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ጋሽ ፍሬን ባለቤታቸውን ክሊኒክ አድርሰው ብቻቸውን ሲመለሱ፣ ምራታቸው ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ፌርማታው ሥር ቆማ አዩ። አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነውር ነውና ቆሙ።

"ግቢ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።"

"ኧረ አባባ፣ ከመንገድዎ ላስወጣዎት ነው።"

"መንገድ እኮ ነው የኖርኩበት። ከየት ታስወጪኛለሽ? ግቢ።"

ጋሽ ፍሬን የተባሉት እንዲሁ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው አንድ ሰው ሳይቧጥጡ ጡረታ የወጡ ናቸው። ድመት መንገድ ልትሻገር ገና ስታስብ እሳቸው ፍሬን ይዘዋል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። በጡረታቸው ዘመን ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ባለቤታቸው። ወይዘሮዋ ዳሌያቸው ከታመመ ወዲህ በእግር መሄድ ስለሚከብዳቸው፣ በየሳምንቱ ወደ ክሊኒክ የሚመላለሱት በዚች ቁመተ ረጅም አሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ነው። ለጋሽ ፍሬን ይህ ሥራ የቀራቸው ሹመት ነው።

ምራታቸው ገባችና "እንዴት ዋሉ?" አለች። አልተሰማትም፤ ሬዲዮው ይጮኻል። ደግማ ጠየቀች። በመጨረሻ እጇን ዘርግታ ድምፁን ቀነሰችው።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ረጅም "ኡኡኡ" ተሰማ። መኪናዋ ስትፈጥን ይጨምራል፣ ስትዘገይ ይቀንሳል። ጋሽ ፍሬን ፈጥነው ሬዲዮውን መልሰው ከፍ አደረጉ።

"ዜናው ሊያመልጠኝ ነው" አሉ።

"አባባ፣ የሳሙና ማስታወቂያ እኮ ነው።"

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ምራታቸው ሌላ ነገር አየች። ቀኝ እጃቸው ከማርሹ ዘንግ ላይ አትነሳም። ሦስተኛ ማርሽ ካልተያዘ ራሱ ዘሎ ይወጣል፤ እሳቸው ደግሞ መንገድ የሚያሻግረውን ሕፃን እንደያዘ ሰው ጭብጥ አድርገው ይዘውታል።

ይህቺ ምራት በቴክኒክ ኮሌጅ ስለ መኪና የምታስተምር ናት። ጋሽ ፍሬን ይወዷታል፤ ለሰው ሲያወሩም ይኮሩባታል። በልባቸው ግን "የጥቁር ሰሌዳ መኪና ዘይት አያፈስም" ይላሉ። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ሳትጠየቅ ተናግራ አታውቅም። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ምክንያቱም ባለፈው እሑድ ባሏ፣ ማለትም የጋሽ ፍሬን ልጅ፣ "አባዬ፣ መኪናዋ አርጅታለች፣ ገዢ አግኝቻለሁ፤ እማዬን በታክሲ እናመላልሳት" ብሎ ነበር። አባት ተቆጡ። ልጁም "እንግዲያው እማዬ ትወስን፤ ተሳፋሪዋ እሷ ናት" አለ። እናት "እስቲ እስከ ሌላው ሳምንት ማክሰኞ ላስብበት" ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው እስከ ዛሬ አልተፈታም። ጋሽ ፍሬንም እንቅልፍ ያጡት በዚህ ዝምታ ነው፤ ባለቤታቸው መኪናው ውስጥ ማውራት ካቆሙ ሰንብተዋልና፣ ፍርዱ ከወዲሁ የተሰጠ መስሏቸዋል።

"አባባ" አለች ምራት፣ ቤት ደጃፍ ሲቆሙ፤ "ማርሹ ያለበት የካምቢዮውና ከኋላ የሚጮኸው የዲፈረንሻሉ ዘይት የተለወጠው መቼ ነው?"

ጋሽ ፍሬን ሳቁ። "ልጄ፣ የሞተር ዘይት ይለወጣል፤ እሱን አሳልፌ አላውቅም። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ግን አይለወጥም።"

"ማን አለ አባባ?"

"መንዳት ያስተማሩኝ ሰውዬ። 'የፋብሪካ እጅ የዘጋውን የሰው እጅ አይክፈተው' ይሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር።"

"ነፍሳቸውን ይማር፤ ጥሩ ሹፌር አፍርተዋል። ግን ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። የሞተር ዘይት ለምን ይለወጣል?"

"ሞተር እሳት ነዋ! ጭስ አለው፣ ጥላሸት አለው። ካምቢዮ ምን እሳት አለው? ተከድኖ፣ ተቆልፎ፣ አቧራ ሳይገባው የተቀመጠ ነገር በምን ይቆሽሻል?"

"በራሱ ነው የሚቆሽሸው። ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ ብረት ይረግፋል። የረገፈው ብረት ደግሞ የትም አይሄድም፤ ተቆልፏል ብለዋል አይደል? እዚያው ዘይቱ ውስጥ ሆኖ ተመልሶ ጥርሱን ይፈጫል፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይበላል። ዘይቱም ብዙ ሲቆይ ይደክማል፤ ቅባትነቱን ያጣል፤ ሊጎድልም ይችላል።"

"ከጎደለ ይንጠባጠብ ነበር። የቆመችበት መሬት ደረቅ ነው። ያልፈሰሰ ነገር አልጎደለም።"

"ዲፈረንሻሉ ላይ የተጋገረውን ጭቃ አይተዋል?"

"ጭቃ ምን ብርቅ ነው? የመንገድ ጭቃ ነዋ።"

"ዝናብ ካየን ስንት ጊዜያችን ነው አባባ?"

ጋሽ ፍሬን ወደ ሰማይ ቀና አሉ። ሰማዩ ከእሷ ጋር ያበረ መሰላቸው። ሽማግሌ ሲረታ ምስክር መጥራቱ አይቀርምና እሳቸውም ጠሩ።

"እሺ፣ ልብስ ሰፊውስ? ጎረቤታችን! ካምቢዮ ዘይት ለወጠ፤ ሳምንት ሳይሞላው ካምቢዮው ተንገጫግጮ ቆመ። ያረጀ ካምቢዮ አዲስ ዘይት ሲገባበት ይሞታል እያለ ለሰው ሁሉ ይናገራል። ይህን ያየ ዓይኔ ነው፤ ስንጎትት ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"እንዴት አድርገው እንደለወጡት ነግረውዎታል?"

"ለወጥኩ አለ፤ ሞተ አለ። ሌላ ምን ይባላል?"

ምራት ፈገግ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ "አባባ፣ ካምቢዮው ቢሞትብኝ ከእርስዎ ዓይን ፊት እንዴት እቆማለሁ? ስለማውቀው ነው የምናገረው። ቅዳሜ አብረን እንግባበት። የላይኛውን መዝጊያ ብቻ ከፍቼ ጣቴን ላስገባ። ዘይቱ ሙሉና ንጹሕ ከሆነ እዘጋና እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነ እርስዎ ይፍረዱ።"

ጋሽ ፍሬን ይህን አነጋገር ወደዱት። የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ማክሰኞ ላይ እንደገና ክሊኒክ አለ፤ ባለቤታቸው ቃላቸውን እስከዚያ እሰጣለሁ ብለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ከቅጠሉ ውጭ የሚይዙት ነገርም አልነበራቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ምራት ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ የባሏን አሮጌ ሱሪ ለብሳ መጣች። ጋሽ ፍሬን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ጠበቋት፤ ለፍርድ እንጂ ለሥራ አልመጡምና። መጀመሪያ መኪናዋን ይዘው ሠፈሩን እንዲዞሩ ለመነቻቸው።

"ለምን?"

"ዘይት እንደ ሰው ነው አባባ፤ ካልሞቀው ከተኛበት አይነሳም። ቀዝቅዞ ከተፈታ ቆሻሻው እታች ተኝቶ ይቀራል።"

ዞረው ተመለሱ። ከበሩ አጠገብ፣ መሬቱ ድልድል ያለ ሲሚንቶ ላይ አቆሟት፤ ያዘመመች መኪና ልኳን ትዋሻለች ብላለችና። የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ለጎማዎቹም ድንጋይ ተደረገላቸው። ድንጋዩን ያደረጉት ጋሽ ፍሬን ናቸው፤ ሁለት ጊዜም በእግራቸው መትተው ፈተኑት። መኪናዋ ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ማንሻ አላስፈለጋትም። ምራት ካርቶን አንጥፋ ከሥር ገባች፤ ጋሽ ፍሬንም ኮፍያቸውን አውልቀው ተንበረከኩ፣ ቀጥሎ በጎናቸው ተኙ፣ ቀጥሎ ሙሉ ልብሳቸውን ረሱት።

"ይኸው፣ የተረፈኝ የሞተር ዘይት አለ" አሉ ከጎናቸው ጣሳ እየገፉ። "ምናልባት ቢያስፈልግ። ዘይት ያው ዘይት ነው።"

"ጫማም ያው ጫማ ነው አባባ። የእማማን ጫማ አድርገው ይነዳሉ?"

ጋሽ ፍሬን ሳቁና ጣሳውን መልሰው ገፉት። እሷም የመኪናዋ መጽሐፍ የሚያዘውን ዓይነት፣ ለካምቢዮው አንድ፣ ለዲፈረንሻሉ ሌላ፣ ገዝታ መምጣቷን ነገረቻቸው። የዲፈረንሻሉ ብርቱ ዘይት ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ስለሚችል አይቀላቀልም።

እያንዳንዱ ዘይት ቤት ሁለት ታፖ፣ ማለትም መዝጊያ ቡሎን፣ አለው፤ አንዱ ከታች ነው፣ አሮጌው ይወጣበታል፤ አንዱ ከጎን ከፍ ብሎ ነው፣ አዲሱ ይገባበታል። ምራት ሁለቱንም ዙሪያቸውን በሽቦ ብሩሽ ጠረገች። ጋሽ ፍሬን ትዕግሥታቸው አለቀ።

"እንግዲህ የታችኛውን ፍቺዋ! ይፍሰስና እንይ።"

"አይሆንም አባባ። መጀመሪያ የላይኛው። የላይኛው እምቢ ቢል የታችኛውን አልነካም። አሮጌውን አፍስሰን አዲሱ የሚገባበት ቀዳዳ ባይከፈት፣ መኪናዋ ባዶ ሆዷን ቀረች ማለት ነው።"

ይህን ስትል ከአጥሩ በላይ አንድ ራስ ብቅ አለ። አንገቱ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል። ልብስ ሰፊው ነው።

"ጋሽ ፍሬን! ከሥር ምን ጣለዎት? እንዳትለውጡ ብያችሁ አልነበረም? እኔን ያየ ይቀጣ እንጂ!"

"ጌታዬ" አለች ምራት ከመኪናው ሥር፣ በትሕትና፤ "የእርስዎ ካምቢዮ ጊዜ መጀመሪያ የፈታችሁት የትኛውን ነበር?"

"የታችኛውን ነዋ! ጥቁር ሆኖ ወረደ፤ ደስ አለን።"

"የላይኛውስ?"

ልብስ ሰፊው ትንሽ አሰበ። "የላይኛውማ እምቢ አለ። ራሱ ተላጠ። መፍቻው እየዞረ ቀረ።"

"ታዲያ አዲሱን ዘይት በየት አስገባችሁት?"

"በየት ይገባል? አልገባም። ዛሬ ሱቅ ተዘግቷል፣ ነገ መካኒክ እንጠራለን አልን። በማግስቱ ደግሞ ሥራ በዛ። ውስጡ የቀረው ያዳርሳል ብለን..."

ከመኪናው ሥር አንድ ድምፅ መጣ፤ ጋሽ ፍሬን በጀርባቸው ተኝተው እየሳቁ ነበር፤ ሳቃቸው እስከ ሆዳቸው ድረስ ይንጣቸዋል።

"አንተ ሰው! ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል አልሰማህም? ልብስ ሰፊ ሆነህ! ያለ ዘይት ነድተህ ገድለኸው ነው ስንት ዘመን አዲስ ዘይት ገደለው እያልክ ያስለቀስከን?"

"እኔ እኮ ለወጥኩ አልኩ እንጂ አስገባሁ አላልኩም" አለ ልብስ ሰፊው፤ አንገቱን እያከከ ግን አልሄደም፤ እንዲያውም በሩን ዞሮ ገባ።

እኔ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ በልብስ ሰፊው ልስቅ አይደለም። ግማሹን የሠራነውን ሥራ ሙሉ አድርገን እያወራን፣ ጥፋቱን ባልሠራነው ግማሽ ሳይሆን በሠራነው የምናላክክ ብዙዎች ነን። የሰማም ሳይጠይቅ ያምናል፤ ካመነም በኋላ ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ እንዲህ እየተባለ የአንድ ሰው ስንፍና የሠፈር ጥበብ ይሆናል።

የካምቢዮው የላይኛው ታፖ ብዙም ሳያስቸግር ተፈታ። የዲፈረንሻሉ ግን እምቢ አለ። ምራት የዛገ የሚያላቅቅ ቅባት ነፋችበትና ሻይ ተጠጥቶ ተጠበቀ። ተመልሳ ሞከረች፤ አሁንም እምቢ። መፍቻው እጀታ ላይ የብረት ቱቦ አጠለቀችና ወደ ጋሽ ፍሬን ዞረች።

"አባባ፣ ይህ የእርስዎ ክንድ ነው የሚያስፈልገው። በቀስታ፣ ሳያስደነግጡ።"

የኃይል ማገዣ የሌለው የከተማ አውቶቡስ መሪ ያዞረ ክንድ ነው። ቱቦውን ያዙ፤ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ገፉ። ታፖው እንደ አሮጌ በር ጮኸና ለቀቀ። የአውቶቡሱን ቁልፍ ካስረከቡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

"ጣትዎን ያስገቡ" አለች ምራት።

"አንቺ ነሽ የምታስገቢው፤ እንዲያ አይደል የተባባልነው?"

"ፈራጁ እርስዎ ነዎት።"

ጋሽ ፍሬን ጣታቸውን አስገቡ። ዘይቱ ቀዳዳው አፍ ላይ መድረስ ነበረበት። ጣታቸውን አጠፉት፤ ወደ ታች ዘረጉት፤ ምንም አልነካም። አውጥተው ሲያዩት ጫፉ ብቻ ረጥቧል፤ ጥቁር ነው፣ ሽታውም የተበላሸ እንቁላል ነው።

"የለም" አሉ ቀስ ብለው። "ልጄ፣ ዘይት የለም።"

"ዘይቱን በሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ በጎሚኒው በኩል፣ ቀስ በቀስ እየወዛ ወጥቷል። አቧራ ሲይዘው ጭቃ መሰለ። ለዚህ ነው መሬቱ ደረቅ የሆነው።"

ጋሽ ፍሬን እጃቸውን ዲፈረንሻሉ ላይ አሳረፉና ሞቅ ያለውን ብረት ዳበሱት። የሚስታቸው ወንበር ከዚህ ብረት በላይ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የጮኸው ለእርዳታ ነበር፤ እሳቸውም ሬዲዮ ከፈቱበት። ዓይናቸው እርጥብ አለ። ምራታቸው አየች፤ እንዳላየች ሆና መፍቻ ፈለገች።

"እንግዲህ ፈርጃለሁ" አሉ እጃቸውን ከብረቱ አንስተው። "ፍቺው የታችኛውን።"

የታችኛው ተፈታ። ከዲፈረንሻሉ የወረደው እፍኝ ከማይሞላ ጥቁር ዝቃጭ አይበልጥም፤ የካምቢዮውም ሙሉ ቢሆን እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። የታፖዎቹ ጫፍ ማግኔት ነው፤ ላዩ ላይ ግራጫ የብረት ዱቄት እንደ ፀጉር ቆሟል። ምራት በሁለት ጣቶቿ አሸችው።

"ዱቄት ነው፤ ስባሪ የለውም። ስባሪ ብረት ቢሆን ኖሮ ወሬያችን ሌላ ነበር። ጊዜው አላለፈም አባባ።"

ጋሽ ፍሬን አሮጌውን ዘይት የያዘውን ሳህን አንስተው እንደ ድሮው ወደ አጥሩ ጥግ ሊደፉት ሲሉ መስኮት ተከፈተ።

"አበባዬ ላይ እንዳትደፋብኝ!" አሉ ባለቤታቸው። "ባለፈው የሞተር ዘይት የደፋህበት እስካሁን ሣር አላበቀለም።"

ምራትም አገዘቻቸው፤ የተደፋ ዘይት አፈሩን ገድሎ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይወርዳል፣ ጋራዡ ደግሞ ይሰበስበዋል አለች። ዘይቱ ጀሪካን ውስጥ ገባ። ጋሽ ፍሬን በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ተረትተው እንኳ ፊታቸው አልከፋም።

የታችኞቹ ታፖዎች ተጠርገው ሮንዴላ በሚባል አዲስ የመዳብ ቀለበት ተዘጉ። አዲሱ ዘይት በቀጭን ቱቦና በእጅ ፓምፕ መግባት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ጫማውን አውልቆ ፓምፑን ይጫን ነበር፤ ማንም አላዘዘውም።

"መሙላቱን በምን እናውቃለን?" አሉ ጋሽ ፍሬን።

"ራሱ በቃኝ ይላል።"

እውነትም ማር የመሰለው ዘይት በቀዳዳው አፍ ተመልሶ ፈሰስ አለ። የላይኞቹ ተዘጉ፤ መጀመሪያ የተከፈቱት መጨረሻ ተዘጉ።

ምራት እጇን በጨርቅ እየጠረገች እውነቱን ነገረቻቸው። "አባባ፣ የተበላ ጥርስ አይበቅልም። ትንሽ ድምፅ ሊቀር ይችላል። ማርሹም ይዘላል አይዘልም የሚለውን መንገድ ነው የሚነግረን። ጎሚኒውን በሚቀጥለው ወር እንለውጣለን፤ ከዚያ ወዲያ ዘይቱን በየጊዜው በጣት ማየት ነው። እኔ መድኃኒት ሰጠሁ እንጂ ወጣትነት አልሰጠሁም።"

"ወጣትነት ማን ጠየቀሽ? እንድታደርሰኝ ነው የምፈልገው።"

ያን ቀን ጋሽ ፍሬን ለልብስ ሰፊው ትምህርቱን ሁሉ መልሰው አስተማሩት፤ እሳቸው ፈልስፈውት የኖሩ እስኪመስል ድረስ። ዘይት በጊዜው ሲለወጥ ኩሽኔታ ይተርፋል፤ ኩሽኔታ ሲተርፍ ዲፈረንሻል ይተርፋል፤ ነዳጅም አይባክንም፣ ሰውም መንገድ ላይ አይቀርም። ሥራው ደግሞ ከግማሽ ቀን አያልፍም፤ የሚፈልገው ድልድል መሬት፣ ትክክለኛ ዘይትና አንድ ሕግ ነው። "ሕጉ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁት። "መጀመሪያ የላይኛው" አለ ልብስ ሰፊው፣ እንደ ተማሪ።

ማክሰኞ ደረሰ። ባለቤታቸው በምራታቸው ትከሻ ተደግፈው ወጥተው፣ የኋላ ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ምራታቸው ከደጃፍ ተመለሰች። ስለ መኪናዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጋሽ ፍሬን ሞተሩን አስነሡ። እጃቸው ልማዱን ይዛ ወደ ሬዲዮው ሄደች፤ መለሷት። ዛሬ መስማት አለባቸው።

ሜዳውን አለፉ። ከሥር የሚመጣው ጩኸት ወደ ትንሽ ማጉረምረም ወርዷል። ቁልቁለቱ መጣ። ሦስተኛ አስገቡና እጃቸውን ከዘንጉ ላይ አነሡ። ዘንጉ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከቦታው ግን አልተነሣም። እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ በቦታው ቆየ።

ያን ጊዜ ከኋላቸው ዝቅ ያለ ድምፅ ሰሙ።

"...ያቺ ዳቦ ቤት ደግሞ ቀለም ተቀባች። አረንጓዴ! ምን ነካቸው? እዚያ ጋ የነበረው ዛፍ የለም፣ ቆረጡት እንዴ..."

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አሉ ጋሽ ፍሬን በመስታወት እያዩ።

"ከአንተ ጋር ነዋ። ሌላ ማን አለ?"

"ዛሬ ጀመርሽ ማለት ነው?"

"ዛሬ? ሁልጊዜ ነው የማወራው። አንተ ነህ የማትመልሰው። ሬዲዮህን ከፍተህ..." ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። "የእኔን ወሬ ጠልተህ ነው ብዬ ነበር። የታመመ ሰው ወሬ ይሰለቻል አልኩ። በኋላ በኋላማ በልቤ ነበር የማወራው።"

ጋሽ ፍሬን ፍሬን ያዙ። መንገዱ ላይ ድመት እንኳ አልነበረም። መኪናዋን ወደ ዳር አውጥተው አቆሟትና ዞረው አዩዋቸው።

"እኔ እኮ የመኪናዋን ድምፅ ለመሸፈን ነው" አሉ፤ ቃል እያጠራቸው። "ትሰሚና ትፈሪያለሽ ብዬ። አንቺ ዝም ስትይ ደግሞ አሞሻል፣ መኪናዋንም ጠልተሻል ብዬ ፈራሁ። ወሬሽን? እኔ ወሬሽን ልጥላ?"

ከኋላቸው አንድ ታክሲ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

"በል ንዳ ሹፌሬ፣ ሰዓት ይረፍድብናል" አሉ ወይዘሮዋ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ክሊኒኩ በር ላይ የወይዘሮዋ ስልክ ጠራ፤ የደወለው ልጃቸው ነው። ጋሽ ፍሬን ሞተሩን አጥፍተው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ።

"እማዬ፣ ገዢው መልስ ይፈልጋል። እንዴት ነሽ? መኪናዋስ እንዴት ናት?"

"ትንሽ ታጉረመርማለች፤ እንደ አባትህ ናት" አሉ እናት። "ለሰውየው አትሸጥም በለው። ለአባትህ ያልነገርኩት ብዙ ወሬ አለኝ።"